በወይራዎቹ መካከል የምታልፈው ትራክተር

ጥድ አምባ ከዳባት ከተማ በላይ፣ ደን በለበሰ ተረተር ላይ ያለች ቀበሌ ናት። ማሳዋ ጠባብ፣ ዛፏ ብዙ። ከላይ ጥድና ኮሶ፣ ከታች ደግሞ የድሮው ባላባት ያስተከሉት ባሕር ዛፍ ነው። መሬት ለአራሹ ከታወጀ በኋላ ደኑም ማሳውም የአምራቾች ማኅበሩ ሆነ። ማኅበሩ ገብሱን እያረሰ፣ ባሕር ዛፉን እያሳሳ ለዳባትና ለደባርቅ ቤት ሠሪዎች ግንድ ያቀርብ ነበር። ግንዱን ከደኑ እስከ መኪና መንገዱ የሚያወርደው ግን የሰው ጀርባ ነው፤ ይልቁንም የሴት።

ፋንታዬ ከነዚያ ሴቶች አንዷ ነበረች። ቁመቷ ዘለግ ያለ፣ ሳቋ ማዶ ተረተር ላይ የሚሰማ፣ በሥራ የማትታማ ሴት ናት። ሴቶቹ ተጠሪያቸው አድርገው የመረጧት ስብሰባ ላይ አፍ አውጥታ ስለምትናገርላቸው ነው። ትራክተር እንዲሰጠን እንጠይቅ ብላ መጀመሪያ ያነሳችውም እሷ ናት። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ሳቀባት።

በሰባ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ጠፈፍ ሲል፣ ከግብርና መሥሪያ ቤት የምሥራች መጣ። ትራክተር ተፈቅዷል። ሁለት ትራክተሮች ወደ ቀበሌው ይመጣሉ፤ ሞክራችሁ የሚሆናችሁን አስቀሩ፣ ሌላው ለአምባ ጊዮርጊስ ማኅበር ይሰጣል ተባለ። ማኅበሩም መራጮች ሰየመ፦ ሊቀመንበሩን አሻግሬን፣ የደብሩን መሪጌታ ወልደ ገብርኤልን፣ ሦስተኛ ፋንታዬን።

ያን ዕለት ፋንታዬ እቤቷ ስትገባ ባሏን ያርጋልን አጠገቡ ቁጭ ብላ ጠየቀችው።

«ለመሆኑ ትራክተር እንዴት ነው የሚመረጥ?»

ያርጋል ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። አሰበ አሰበና፣ «እንደ በሬ ነዋ» አላት። «ደረቱን እይ፣ እግሩን እይ። ዓይኑ እንባ እንዳይኖረው።»

«ትራክተር ዓይን አለው?»

«መብራት አለው ይላሉ። መብራቱን እይልን።»

ትራክተሮቹ የመጡ ቀን ጥድ አምባ ውስጥ ቤቱ የቀረ ሰው አልነበረም። ፊት ፊት የመጣው ትልቁ ነው፤ ቀይ፣ አዲስ፣ የኋላ ጎማው አሻግሬን በቁመት የሚበልጥ። ሲያጓራ መሬቱ ከእግር ሥር ይርገበገባል። ከኋላው ተሳቢ የምትጎትት አንዲት ትንሽ ትራክተር ተከትላ መጣች። ሰማያዊ ቀለሟ ደብዝዟል፣ ወንበሯ በጆንያ ተጠቅልሏል። ከአንድ የመንግሥት እርሻ የተመለሰች ናት አሉ። ማንም ዞር ብሎ አላያትም። ፋንታዬም ብትሆን ልቧ ከትልቁ ጋር ሄደ። ጎማውን በመዳፏ እየዳሰሰች ዞረችው፤ መብራቱንም አየችለት።

ትራክተሮቹን ከአንድ ረዳቱ ጋር ይዞ የመጣው ደምለው የሚባል የመሥሪያ ቤቱ መካኒክ ነበር። ትልቁን ከመንደሩ በታች ወዳለው ብቸኛ ሰፊ ማሳ ነድቶ ማረሻውን ሲያሳርፍ፣ መሬቱ እንደ ተቀቀለ ድንች ፍርክስክስ እያለ ተገለበጠ። ሴቱ እልል፣ ወንዱ አጨበጨበ። አሻግሬ ደረቱን ነፍቶ፣ «እንግዲህ ምርጫው አለቀ» አለ። «የጎረቤት ማኅበር ሁሉ መጥቶ ይየን።»

ፋንታዬ ልትስማማ አፏን ስትከፍት ነው ደኑ ትዝ ያላት።

«አያ አሻግሬ፣ ደኑስ? እስቲ ወደዚያ ይውጣና እንየው» አለች።

ወደ ደኑ የሚያስገባው መንገድ አንድ ብቻ ነው። በአንድ ወገን ገደል፣ በሌላው አለት ነው፤ መግቢያው ላይ ደግሞ ሁለት ያረጁ ወይራዎች ፊት ለፊት ቆመዋል። ሽማግሌዎች የተጣላ የሚያስታርቁት እነሱ ሥር ነው። ደምለው ትልቁን ትራክተር አቀዝቅዞ በመካከላቸው ሊያሳልፍ ሞከረ። አንዱ ጎማ የወይራውን ግንድ ፋቀው፤ ሌላው ወደ ገደሉ አፍ ተጠጋ። ደምለው ፍሬን ያዘና ሞተሩን አጠፋ።

«አያልፍም» አለ፣ ግንባሩን እየጠረገ።

«የገደሉ በኩል ያለው ይቆረጥ» አለ አሻግሬ ወዲያው። «ምሳር አምጡ።»

ምሳር ሊያመጣ የተንቀሳቀሰ የለም። መሪጌታ ወልደ ገብርኤል በመቋሚያቸው ተደግፈው ቀና አሉ።

«ልጄ አሻግሬ፣ ይህን ቆረጥነው እንበል። ከዚያ ወዲያ ባሕር ዛፉ አለ፤ እሱም እንዲሁ የተጠጋጋ ነው። ከዚያ ጥዱ። ይኼ ትራክተር እንዲዞር ስንት ዛፍ እንቁረጥለት?»

«የኔታ፣ እርስዎ ዛፍ ይወዳሉ።»

«እወዳለሁ። አንተም ትወድ ነበር።»

ፋንታዬ የተፋቀውን የወይራ ልጥ በጣቷ ነካችው። ገና እርጥብ ነው። ደነገጠች፤ የደነገጠችው ግን ለዛፉ ብቻ አልነበረም። ከጥዋት ጀምሮ በዚያ ቀይ ቀለም ስትሳብ፣ ትራክተሩን ለምን እንደጠየቀችው ረስታው መዋሏ ነው ያስደነገጣት።

«አያ አሻግሬ» አለች፣ «እኔም ልቤ ከዚሁ ጋር ነበር፣ አልዋሽም። ግን እኛ ትራክተር የለመንነው ግንዱን ከጀርባችን እንዲያወርድልን ነው። ይኼ እደኑ ካልገባ እኛ እንደተሸከምን መቅረታችን ነው። እስቲ ያቺ ትሞከር።»

አሻግሬ አልከለከላትም። ሄዶ አለቱ ላይ ተቀመጠ።

ትልቁን ወደ ኋላ አስመልሰው ትንሿን አመጧት። ተሳቢዋን እየጎተተች በወይራዎቹ መካከል ሹልክ ብላ ገባች። በባሕር ዛፉ መካከል እየተጠማዘዘች ሄደች፣ ጠባቧ ገላጣ ቦታ ላይ ደርሳ ዞረች፣ ፊቷን ወደ ቁልቁለቱ መልሳ ቆመች። ወንዶቹ ተረባርበው ተሳቢውን ግንድ ሞሉት። ፋንታዬ ከደምለው ጎን፣ የጎማው ክዳን ላይ ተቀመጠችና ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

ቁልቁለቱን ሲጀምሩ ዞራ ጭነቱን አየች።

«ይህን ሁሉ ግንድ ይዛ ካመለጠችህስ?»

«አታመልጥም» አለ ደምለው። «ከባድ ማርሽ ነው ያስገባሁት። ሞተሩ ራሱ ይዟታል፤ ፍሬን ብዙም አልነካ። ስሚው ድምፁን።»

ሰማችው። ሞተሩ እንደሚያጉረመርም ሽማግሌ እያለ፣ ዝግ ብሎ ይወርዳል። ሜዳው ላይ ሲደርሱ ደምለው የእሷን ፊት አይቶ ፈገግ አለና፣ «ነይ፣ መሪውን ያዥ» አላት። ያዘችው። መሪው በመዳፎቿ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፤ ወደ ቀኝ ስትለው ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ስትለው ወደ ግራ ትሄዳለች። ፋንታዬ ሳቀች። ያ ሳቅ እላይ ደኑ ድረስ ተሰማ።

መኪና መንገዱ ዳር ሴቶቹ መሸከሚያ ገመዳቸውን በትከሻቸው ጣል አድርገው ቆመው ነበር፤ ገመዱን እንደ ልማዳቸው ለሥራ ይዘው ወጥተው ነበር፤ ጉዱን ለማየት ትራክተሯን ቀድመው ወርደዋል። ግንዱ ተራግፎ ሲያልቅ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ቀኑን ሙሉ የሚያለፋቸው ሸክም እፊታቸው ተከምሯል፣ ፀሐይዋ ገና እራስ ላይ አልወጣችም።

«ታዲያ አሁን ምን እንሥራ?» አለች ደብሪቱ፣ በዕድሜ የሁሉም ታላቅ የሆነችው።

እሷው ገመዷን ከትከሻዋ አውርዳ በወገቧ ታጠቀችና እስክስታ ወረደች። ሌሎቹ ተከተሏት። መንገድ ዳር፣ ያለ ከበሮ፣ በጭብጨባ ብቻ፣ ላብ እስኪያጠምቃቸው ጨፈሩ።

ከቀትር በኋላ ማኅበርተኛው ወይራዎቹ ሥር ተሰበሰበ። ደምለው ትንሿም ማረሻ እንደምትጎትት፣ ጥልቀቱ እንደ ትልቁ ባይሆንም ለጠባቡ የገብስ ማሳ እንደምትበቃ አስረዳ። አሻግሬ ፊቱ እንደጠቆረ ነው።

«የአምባ ጊዮርጊስ ሰዎች ትልቁን ሲወስዱ ምን ይሉናል?» አለ።

«ተባረኩ ይሉናላ» አለች ፋንታዬ። «የነሱ አገር ሜዳ ነው፤ ይመቻቸዋል። አንተ በገበያ ቀን ስታልፍ ወንበር ይስቡልሃል።»

አሻግሬ መሳቁን ሊደብቅ ፊቱን አዞረ፤ አልቻለም። እጅ አውጡ ሲል የራሱን ቀድሞ አነሳ። ትንሿ ተመረጠች።

«ሌላ ጉዳይ» አለ ቀጥሎ። «ጎንደር ሄዶ መንዳት የሚማር ሰው እንድንልክ ታዝዘናል። የመረጠቻት ትንዳት።»

ግማሹን ለቀልድ ነበር ያለው። ሰዉ ግን ቀልድ አላደረገውም፤ ወደ ፋንታዬ ዞረ፣ ከፋንታዬም ወደ ያርጋል። ያርጋል ጉሮሮውን ጠራረገ።

«እኔ ምን እላለሁ» አለ በዝግታ። «ከበሬ ጋር ስትከራከር አይቻታለሁ። በሬው ነው የሚሸነፍ።»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ፋንታዬ አልሳቀችም፤ እንባዋ መጥቶባት ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። በኋላ ሰዉ ሲበተን መሪጌታን ተጠግታ፣ «የኔታ፣ እዚያ ቱታ ያለብሳሉ አሉ። ነውር ይሆንብኝ ይሆን?» አለቻቸው።

«ቀሚስሽን ጎማ ከሚበላው ቱታው ይሻላል» አሉ። «ስትመለሺ ለቤተ ክርስቲያኑ አጥር ግንድ ታመጪልኛለሽ።»

ጎንደር ሄደች። መጀመሪያ ፍሪሲዮን የሚሉትን የእግር መርገጫ ባንዴ እየለቀቀች ትራክተሩን እንደ ሚዳቋ ስታዘልለው አብረዋት የሚማሩት ወንዶች ሳቁ፤ ቀስ በቀስ ለመደችውና ሳቁ ቀረ። ጥምቀት ሲቃረብ ቱታዋን ለብሳ፣ ሻሿን አስራ፣ ጥድ አምባ ተመለሰች።

የመጀመሪያውን ግንድ ዳባት ድረስ ራሷ ልታደርስ ወጣች። ደብሪቱ፣ «ሳልቀመጥባት አልሞትም» ብላ ጭነቱ ላይ ወጥታ ተቀምጣለች። ያርጋል ከጎን፣ የጎማው ክዳን ላይ፣ እጁን የት እንደሚያደርግ ጨንቆት ነበር። አስፋልት ያልነካው የመኪና መንገድ አቧራው ቡን ይላል። ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚወጣው አውቶቡስ ከፊት መጣ። ሾፌሩ መሪ የያዘችውን ሴት ሲያይ አቀዝቅዞ፣ ክላክሱን ደጋግሞ ነፋላት። ተሳፋሪው በየመስኮቱ ብቅ አለ።

ፋንታዬ ልትመልስለት ክላክሷን ተጫነችው፤ አይሠራም። ደግማ ተጫነችው፤ ድምፅ የለም።

«ምን ላድርግ?» አለች ወደ ያርጋል ዞራ።

«መንገዱን እይ አንቺ!» አላት።

እሷም መንገዱን እያየች፣ መሪውን በሁለት እጇ አጥብቃ እንደያዘች፣ አንገቷን ቀና አድርጋ እልል አለች። ደብሪቱ ከጭነቱ ላይ ተቀበለቻት። አውቶቡሱ ውስጥ ያሉት ሴቶች ደግሞ እየራቁ፣ በመስኮት እጃቸውን እያውለበለቡ፣ እልልታውን ይዘውት ወደ ደባርቅ ወጡ።