የኋላው ጎማ ሲፈታ

ዓለምነህ «ቁልቁለቱ ላይ የኋላ ፍሬኑን ረገጥኩ፤ አልያዘም» ይላል። ሞተር ሳይክሉ ላይ ከኋላው ተፈናጥጠው የነበሩት ወይዘሮ እታፈራሁ ደግሞ ወልድያ ሆስፒታል እግራቸው በጀሶ ታስሮ «ፍሬን የሚባል ነገር አልነካም። ከግራና ከተማ ከተነሳን ጀምሮ ‘ቀስ በል ልጄ’ እያልኩት ይበር ነበር» ብለዋል።

ሞተር ሳይክሉ የታላቅ ወንድሜ የገዛኸኝ ነው። ዓለምነህ የመርሳ ጎረቤታችን ነው፤ ለአንድ ቀን ነበር የተዋሰው። ከአደጋው ሦስት ቀን በፊት ግቢያችን ውስጥ ፍሬኑን ያደስኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ዛሬ ከሰዓት ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ። ጥፋቱ የዓለምነህ ነው ከተባለ የወይዘሮ እታፈራሁ ልጆች ክስ ሊመሠርቱ ቆርጠዋል። ዓለምነህ የሚኒባስ ሹፌር ነው፤ መንጃ ፈቃዱን ከተቀማ ሌላ እንጀራ የለውም።

ረፋድ ላይ ሚስቱ ሶስና በሩን ሳታንኳኳ ገባች።

«ስዩም፣ ጎማውን ፍታልኝ። ዓይኔ እያየ።»

ገዛኸኝ ከበረንዳው ተነሳ። «ሞተሩ ምን አደረገሽ? ባልሽን አትጠይቂም?»

«ጠየቅኩት። አልያዘም አለኝ።»

«እኔ ስነዳው ይዞ ነበር!»

«ጋሼ ገዛኸኝ፣ የት ነው የነዱት? ከዚህ እስከ ገበያው? እሱማ በእግርም ይቆማል።»

ገዛኸኝ ወደ እኔ ዞረ። «ተው አንተ ልጅ። ማንም ያልጠየቀህን አትቆፍር።»

«እኔ እየጠየቅኩት አይደል?» አለች ሶስና።

ቁልፎቹን አወጣሁ። አንዱ ከእጄ አምልጦ ወደቀ።

«መካኒኩ ገና ሳይጀምር ደከመው» አለ ገዛኸኝ።

የፍሬኑን ዘንግ አላቀቅሁ። የጎማውን ዳዶ ስፈታ የጠበቀበት ልክ ትክክል ነበር፤ ለአፍታ ደስ አለኝ። ሰንሰለቱን አውልቄ ጎማውን ስስብ ሶስና አጠገቤ ቁጢጥ አለች። ትንፋሿ ይሰማኛል። የፍሬኑ ሸራ ያለበትን ክብ ቤት፣ ታምቡሩን፣ ከፈትኩት።

ጎማውን ጨምድዶ የሚያቆም ደህና ሸራ ደብዛዛ ግራጫ መሆን ነበረበት። ይሄኛው ጥቁር ሆኖ እንደተቀባ ጫማ ያብረቀርቃል። በጣቴ ነካሁት፤ አንሸራተተኝ። አሸተትኩት።

ናፍጣ ነው።

ፍሬን የሚታጠበው በቤንዚን ነው፤ ባደስኩበት ሳምንት ግን መርሳ ላይ ቤንዚን አልነበረም። ገዛኸኝ በጠርሙስ ያስቀመጣትን «ለመንገድ ናት፣ እንዳትነካት» ብሎኝ ነበር። ታምቡሩ ውስጥ የደረቀ ግራሶ ስለነበር ከጎረቤት ወፍጮ ቤት ናፍጣ ለምኜ ታምቡሩንም ሸራውንም አጠብኩበት። ጠርጌ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፤ ደረቀም መሰለኝ። ቤንዚን በንኖ ይጠፋል፤ ናፍጣ ግን ሸራው ውስጥ ሰርጎ ቀርቶ ኖሯል። ሜዳ ላይ ስሞክረው ያዘልኝ። ቁልቁለት ላይ ሲግል ግን የሰረገው ናፍጣ ወጥቷል።

«ምንድነው? ተናገር እንጂ!» አለች ሶስና።

ገዛኸኝ ቀደመኝ። «ውሃ ነው። የግራና መንገድ ላይ ወንዝ አለ፤ ባልሽ ተሻግሮበታል። ውሃ የገባበት ፍሬን አይይዝም። ማንም ጥፋት የለበትም።» ይህን ሲል የሚያየው እሷን ሳይሆን እኔን ነበር።

ሶስና ወደ ሸራው ጎንበስ አለች። ውሃም ቢሆን ባሏን ነፃ ያወጣዋል። ሁላችንም የምንድንበት ቃል ነበር፤ እኔ ጭንቅላቴን በአዎንታ ብነቀንቅ ይበቃ ነበር።

ወይዘሮ እታፈራሁም ግን አልዋሹም። የማይይዝ ፍሬን ቢረገጥ ከኋላ ለተቀመጠ ሰው እንዳልተነካ ነው። መብረሩንም ያዩት በዓይናቸው ነው። «ውሃ ነው፤ ማንም ጥፋት የለበትም» ብለን ከተስማማን ሆስፒታል የተኙት ሴትዮ ያላዩትን የሚያወሩ ሆነው ሊቀሩ ነው።

«ስዩም» አለ ገዛኸኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የሚከሱት አንተን ይሆናል። ገባህ?»

«ገብቶኛል ወንድም ጋሼ።»

ተነስቼ ሸራውን ለሶስና አሳየኋት። «አሽትቺው። ውሃ አይደለም፤ በናፍጣ ያጠብኩት እኔ ነኝ። ዓለምነህ ፍሬን ረግጧል፤ ይበር እንደነበረም ሴትዮዋ እውነታቸውን ነው። ከሰዓት ይሄን ሸራ ይዤ ሽማግሌዎቹ ፊት እቆምና ሁለቱንም እናገራለሁ።»