ሰዓት ሠሪው ሥልጣን የፈለገበት ምክንያት

ሰዓት ሠሪው በዕድሜው ሥልጣን አምሮት አያውቅም። የሕንፃው ተከራዮች ተጠሪ ሁንልን ብለው ሲለምኑት እንኳ «እኔ ከሰዓት በቀር የማስተካክለው ነገር የለኝም» ብሎ ያመለጠ ሰው ነው። ስለዚህ «ንባብ በጆሮ» በተባለው የበጎ ፈቃደኞች ግሩፕ ላይ «ለሊቀመንበርነት እወዳደራለሁ» ብሎ ሲጽፍ፣ አባላቱ ስልኩ ተሰርቆ ሌባው የጻፈው ነበር የመሰላቸው።

ግሩፑ ማየት ለተሳናቸው አድማጮች መጻሕፍት በድምፅ እያነበበ የሚያቀርብ ነው። ደመወዝ የለ፣ ቢሮ የለ፤ ስብሰባና ኩርፊያ ግን እንደ ልብ ነው። እያንዳንዱ አንባቢ የደረሰውን ምዕራፍ ባለበት ሆኖ ይቀርጽና ሁሉም «ሳጥኑ» ወደሚሉት የኢንተርኔት ማስቀመጫ ይልከዋል። ከዚያ አንድ አራሚ መጽሐፉን ገልጦ ያዳምጣል፤ ስህተት ያገኘበት ላይ ማስታወሻ ይጽፍና መጨረሻው ላይ «ይደገም» ይላል። ማስታወሻዎቹን ከሳጥኑ አውጥቶ ለየአንባቢው የሚያደርሰው ሊቀመንበሩ ነው። አንባቢ አንዴ የላከውን ድምፅ ራሱ ማጥፋት አይችልም፤ የሚያጠፋው ሊቀመንበሩ ብቻ ነው፣ ያውም ምክንያቱን ለግሩፑ ሁሉ አስታውቆ።

ይህን ደንብ ያቀረበው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ራሱ ሰዓት ሠሪው! ከአንባቢዎቹ አንዱ የሆነው ታክሲ ነጂ ተሳፋሪ እስኪሞላ መኪናው ውስጥ የሚቀርጸውን እያጠፋ፣ እንደ አዲስ እየጀመረ፣ አንድ ምዕራፍ አላልቅ ቢለው ተበሳጭቶ ነበር ያቀረበው። ሰው በቆፈረው ጉድጓድ ሲገባ ማየት ያማረው ካለ ይከተለን።

ሱቁ ጠባብ ናት፤ ግድግዳዋ በሰዓት ተሞልቷል። ሰዓት ሠሪው ሲቀርጽ በሩን ይዘጋና ቀጭ ቀጭታቸው ከንባቡ ጋር እንዳይገባ ሰዓቶቹን አንድ በአንድ ያቆማል። ምዕራፉ ሲያልቅ ደግሞ ሮጦ ያስነሣቸዋል፤ ሊያድሰው የተቀበለውን የሰው ሰዓት ራሱ ሊያዘገይ ኅሊናው አይፈቅድለትም። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ይኸው ጥድፊያ ያዘውና መቅረጫውን ሳያጠፋ ተነሣ። የመጨረሻው ሰዓት ቀጭ ማለት ሲጀምር ታላቅ እህቱ ምሳውን ይዛ ገባች።

«አንተ! ደግሞ መጋረጃ ገዛህ?» አለች፣ ጥግ ላይ የተጠቀለለውን ጨርቅ እያየች።

«ገዛሁ።»

«መስኮት ለሌለው ሱቅ! ምኑን ልትጋርድበት ነው? እኔን?»

«እትዬ፣ ልንገርሽ፤ ግን እንዳትስቂ።»

እህቱ ገና ሳይነግራት ጀምራለች። እሱ ግን ሆዱ ሞልቶ ስለነበር ዘረገፈው። ከእሱ ጋር ምዕራፍ እየተቀባበለች የምታነብ መጋረጃ ሰፊ አለች። የምትቀርጸው በተሰቀሉት መጋረጃዎች መሃል ገብታ ስለሆነ ድምፅዋ ጆሮ ሥር የተነገረ ያህል ለስልሶ ይመጣል። የእሱን ምዕራፎች የምታርመውም እሷ ናት። ሱቋ ከገበያው ጀርባ መሆኑን ሲሰማ ሊያያት ሄደ። ደረሰና ወኔው ከዳው። አፉን ቢከፍት ድምፁን ታውቀዋለች፤ ስለዚህ ዝም ብሎ በእጁ ወደ ጨርቁ ጠቆመ።

«ዲዳ ሆንክ?»

«ሁለት ጊዜ።»

እህቱ በርጩማው ላይ ተዘረፈጠች። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «እና ምን አለችህ?»

«በምልክት ዋጋ ነገረችኝ። ሁለተኛው ቀን ላይ ደግሞ በዝግታ፣ በደንብ አፏን እየከፈተች፣ ‹እንኳን ደህና መጡ› አለችኝ፤ ከንፈሯን እያየሁ እንድረዳ ብላ። እትዬ፣ እንዲህ ያለ ሰው አለ? ስታነብ እኮ የማላውቀው ሰው ሐዘን የቤተሰቤ ይመስለኛል። ወድጃታለሁ፤ በቃ፣ ወድጃታለሁ።»

እህቱ ምሳውን አስቀምጣ እየሳቀች ወጣች። ሰዓት ሠሪው ስልኩን አነሣ፤ ጣቱ እንደ ልማዱ አንዴ «አቁም»ን፣ አንዴ «ላክ»ን ነካ። አመሻሽ ላይ ነው ሳጥኑን ገልጦ የምዕራፉን ርዝመት ያየው። ከወትሮው በእጥፍ ረዝሟል። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ፤ ሰዓት ሠሪው ራሱን በሁለት እጁ ሲይዝ ሁለቱም እንደደረሱበት ተረዳ።

«ለሊቀመንበሩ ንገረውና ያጥፋልህ» አለችው እህቱ በስልክ።

«ምክንያቱን ለግሩፑ ሁሉ ማስታወቅ አለበት፤ ደንብ ነው።»

«የትኛው ጅል ነው እንዲህ ያለ ደንብ ያወጣው?»

«እኔው ነኝ።»

«ወይኔ ወንድሜ! በል እንግዲያው፣ ራስህ ሊቀመንበር ሁና!»

ለቀልድ ነበር ያለችው። እሱ ግን አልሳቀም። ዓመታዊው ምርጫ ቀርቧል። መጋረጃ ሰፊዋ ደግሞ የሆቴል መጋረጃ ስፌት ስለበዛባት ገና የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች እያረመች መሆኗን ግሩፑ ላይ ጽፋለች። ተራው ሳይደርስ ወንበሩን ከያዘ፣ ቅጂውን ያጠፋል፣ «በቴክኒክ ችግር» ብሎ ያስታውቃል፣ በዚያው ቀን ሥልጣኑን ይለቃል። ከዚህ የተሻለ መንግሥት ግልበጣ ማን አስቦ ያውቃል!

ወሬው ወዲያው ተቀጣጠለ። ግማሹ «ከኋላው ሰው አለ» አለ። ሌላው «ዝም ያለ ሰው ፍሩ፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብሎ ጻፈ። ሊቀመንበሩ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ናቸው፤ ለዓመታት ተቀናቃኝ አይተው አያውቁም። ወንበሩ ምንም አይከፍልም፤ እሳቸው ግን የድንበር ጦርነት የታወጀባቸው ያህል ተቆጡ። ስለ ልምድ፣ ስለ ታማኝነት፣ ስለ ዛሬ ሰው ችኩልነት ረጃጅም የድምፅ መልእክት በየማለዳው ይለቁ ጀመር። ሰውዬው ለምን እንዲህ ሙጭጭ እንዳሉ ማንም አልገባውም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው።

ታክሲ ነጂው ግን ነገሩን በቀጥታ አመጣው። ሱቁ ድረስ መጥቶ ባንኮኒው ላይ ተደገፈ።

«ወንድሜ፣ ለምን እንደምትወዳደር አልጠይቅህም። ሁሉም የየራሱ ጉዳይ አለው። የእኔ ጉዳይ ጥሩምባ ነው። ንባቤ ውስጥ ጥሩምባ በተሰማ ቁጥር ይደገም እየተባልኩ ተቃጠልኩ። መንገድ ላይ እኮ ነው የምሠራው!»

«በየምዕራፉ አንድ ጥሩምባ ቢፈቀድስ?»

«ሁለት።»

«ሁለት፣ አጭር ከሆነ።»

ተጨባበጡ። ታክሲ ነጂው እንደ እሱ ጎዳና ላይ የሚቀርጹትን ሁሉ ይዞለት መጣ። ሰዓት ሠሪው ፖለቲካ እንዲህ ቀላል መሆኑ ገረመው፤ ትንሽም ጣመው። የምረጡኝ ጽሑፉ እየረዘመ፣ ላም አለኝ በሰማይ ዓይነት ተስፋው እየበዛ ሄደ።

ያላሰበው ተቃዋሚ የመጣው በዚህ መሃል ነው። ግሩፑ ላይ ከ«እሺ» እና ከ«አመሰግናለሁ» በቀር ብዙ የማትጽፈው መጋረጃ ሰፊ በድምፅ መልእክት ብቅ አለች።

«ለዕጩው ጥያቄ አለኝ» አለች። «ቢመረጡ መጀመሪያ የሚያጠፉት ነገር ምንድን ነው?»

ሰዓት ሠሪው በእጁ የያዘው ጥቃቅን ብሎን ወለሉ ላይ ተበተነ። ተንበርክኮ እየለቀመ በአንድ እጁ መልስ ጻፈ። «የአሠራር ድክመቶችን ነው።»

«እርስዎ ድክመት የሚሉት ለሌላው ሰው ትልቅ ነገር ቢሆንስ? አንድ ጊዜ ለሰው የሰጡትን፣ ሰውየው መልስ ሰጥቶ እየጠበቀ፣ እንዳልነበረ ማድረግ ያኮራል?»

አጨበጨቡላት። ስለ ምን እንደምታወራ ያወቀ አልነበረም፤ ቢሆንም አነጋገሯ ግሩም ነበር። ሊቀመንበሩ «ወርቅ ንግግር!» ብለው በድምፅ ላኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷ ራሷ የሊቀመንበሩ ዋና ደጋፊ ሆነች፤ ሰዓት ሠሪው አንድ በተናገረ ቁጥር እሷ ሁለት ትመልሳለች። ያ የለሰለሰ ድምፅ ሲቆጣ እንኳ ያምራል፤ ለዚህም አዘነ። ምን እንዳስቀየማት ሊገባው አልቻለም። ጠልታኛለች፣ አለ ለእህቱ። ቅጂውን ሳትሰማ እንዲህ ከጠላችኝ፣ ብትሰማው ደግሞ ምን ልትል ነው? የማጥፋቱ ነገር አሁን የሞት ሽረት ሆነበት።

የምርጫው ስብሰባ በቪዲዮ ተካሄደ። ስክሪኑ በትናንሽ ፊቶች ተሞላ፤ ታክሲ ነጂው መሪውን ይዞ፣ ሊቀመንበሩ ከረባት አስረው፣ እሷ ደግሞ ሰማያዊ መጋረጃ ከኋላዋ ተንጣሎ። «ሰዓት ሠሪውን የምትደግፉ እጅ አውጡ» ሲባል ጎዳና ላይ የሚያነቡት ሁሉ እጃቸውን አወጡ። አንዷ ልጇን አቅፋ ነበርና የልጇንም እጅ አወጣች፤ ያኛው አልተቆጠረም። የመጋረጃ ሰፊዋ እጅ እንደታጠፈ ቀረ። ሰዓት ሠሪው በጠባብ ልዩነት አሸነፈ። ታክሲ ነጂው ጥሩምባውን ሁለት ጊዜ፣ አጭር አጭር አድርጎ፣ ነፋ።

አሸናፊው ደስ አላለውም። እሷ «እንኳን ደስ አለዎት» እንኳ ሳትል ከስክሪኑ ጠፋች።

ወዲያው ሊቀመንበሩ ደወሉ። ድምፃቸው ተለውጧል። «ልጄ፣ የሳጥኑን ቁልፍ ከማስረከቤ በፊት አንድ ነገር ልንገርህ፤ ለሰው አትንገርብኝ።»

«ምንድን ነው ጋሼ?»

«የአራሚዎቹን ማስታወሻ ለአንባቢዎች ማድረስ የኔ ሥራ አልነበር? ዓይኔን ከታከምኩ ወዲህ ስክሪን ማየት ከልክለውኝ አላደረስኩም። ነገ ነገ ስል ተቆለለ። አዲስ ሰው ከመጣ ጉዴ ይወጣል ብዬ ነው እንዲያ የታገልኩህ። አየህ ልጄ፣ ለሥልጣን አልነበረም። ለሐፍረት ነው።»

ሰዓት ሠሪው ሊስቅ ነበር፤ የራሱ ትዝ አለውና ተወው። «ምንም አይደለም ጋሼ፣ እኔ አደርሰዋለሁ። የእርስዎም ስም አይነሣም» አለ። ሽማግሌው ስልኩን ዘግተው ቀለል ብሏቸው መዝሙር ሳይሉ አይቀሩም።

ሳጥኑን ከፈተ። ያልተከፈተ የማስታወሻ ቁልል። ከዚያ ሁሉ መሃል ዓይኑ ዘልሎ የራሱ ምዕራፍ ላይ አረፈ። ጣቱ «አጥፋ» የሚለው ላይ ሊደርስ ሲል ከጎኑ ለሊቀመንበር ብቻ የሚታየውን አረንጓዴ ምልክት አየ። ታርሟል። የታረመበት ቀን ራሱ የላከበት ቀን ነው። ምርጫ ሳይታሰብ፣ ጥሩምባ ሳይነሣ፣ ጠቡ ሳይጀመር። እህቱ የሳቀችበት በርጩማ ላይ ተቀመጠ፤ ማስታወሻውንም ከፈተው።

«ሰዓቶቹ መቁጠር ከጀመሩ በኋላ ያለው መጽሐፉ ውስጥ የለም። ለአድማጭ ሲወጣ ይቆረጥ። ከሳጥኑ ግን እባካችሁ እንዳይጠፋ። አንባቢው እሱን ክፍል በአካል መጥቶ፣ አፉን ከፍቶ፣ ለእኔ ያንብብልኝ። ይደገም።»

ሰዓት ሠሪው ደግሞ አነበበው። ሊቀመንበሩ ያላደረሱት ማስታወሻ፣ መልስ እየጠበቀች የቆየችበት ማስታወሻ ይህ ነበር። እሱ አንብቦ ዝም ያለ መስሏት፣ ይባስ ብሎ ሊያጠፋው ወንበር የሚፈልግ መስሏት ነው ያን ሁሉ የታገለችው። አልጠላችውም! ቃሉ እንዳይጠፋባት ነበር! ብድግ ብሎ ሱቁን ሲዘጋ አንዱንም ሰዓት ዞር ብሎ አላየም።

ከገበያው ጀርባ ሲደርስ እሷ መሰላል ላይ ቆማ መጋረጃ ትሰቅላለች። አየችው። ያ መናገር የማይችለው ደንበኛዋ በሩ ላይ ቆሟል፤ ላቡ ይወርዳል። ከልማዱ የተነሣ እጁ ተነሣና ወደ ጨርቁ ጠቆመ።

«ዛሬም በእጅ ነው፣ ክቡር ሊቀመንበር?» አለች፣ በዝግታ፣ አፏን በደንብ እየከፈተች። ኩርፊያዋ ግን ከዓይኗ አልወጣም።

«ማስታወሻውን አሁን ነው ያየሁት» አለ። ሱቋ ውስጥ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ነበር። «አልደረሰኝም ነበር። ዛሬ ነው ያየሁት፤ እየሮጥኩ ነው የመጣሁት።»

ከመሰላሉ ወረደች። ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳቅ ነው። ሳቋ እሱንም ያዘው። ሁለቱም መጋረጃ ተደግፈው እስኪደክማቸው ሳቁ።

«ግን የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ላይ ነኝ ብለሽ አልነበር?» አለ ዓይኑን እየጠረገ።

«ነኝ እኮ። ያንተን ግን ተራ ጠብቄ አዳምጬ አላውቅም። እንደመጣ ነው የምሰማው።» ይህን ስትል ፊቷን ወደ ጨርቁ አዞረች።

ከዚያ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ከተሰቀሉት መጋረጃዎች መሃል፣ ራሷ በምትቀርጽበት ቦታ ላይ አስቀመጠችው። ድምፁ እዚያ ውስጥ ለራሱም ለሰለሰበት። እየተንተባተበ ጀመረ፤ የእህቱን ሳቅ ዘለለ፣ መስኮት የሌለውን ሱቅ ተናገረ፣ የማላውቀው ሰው ሐዘን ያለውንም ተናገረ። መጨረሻ ላይ ያለውን ደግሞ ዓይኗን እያየ አለው።

«ይደገም» አለች።

ደነገጠ። በግሩፑ ደንብ ይደገም የሚባለው ስህተት ሲገኝ ብቻ ነው። «ምኑ ጋ ተሳሳትኩ?»

«የትም አልተሳሳትክም» አለች፣ ወንበሯን ጠጋ እያደረገች። «ደስ ስላለኝ ነው።»