ፕላሲዶ የተከላቸው ዓይኖች

ፊልም ሠሪዎቹ ከመጡ ወዲህ በደሴታችን ከተማ፣ በሃንጋ ሮዋ፣ ሰው በቦታው ማግኘት ቀረ። ጣሪያ የሚጠግን ብትፈልግ የለም። ዳቦ ጋጋሪው የለም። የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ሳይቀር ገላውን ቀይ አፈር ተቀብቶ፣ ከወገቡ በታች ብጣሽ ጨርቅ አገልድሞ፣ ጦር ይዞ ኮረብታ ለኮረብታ ሲሮጥ ይውላል። ሲጠይቁት "ምን ላድርግ፣ የአያቶቼ ታሪክ ነው" ይላል። የአያቶቹ ታሪክ ግን የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። የፊልሙን ጽሑፍ ከመካከላችን ያነበበ ስላልነበረ፣ አያቶቻችን ማንን እንደወደዱና ማንን እንደገደሉ የሚያውቀው ከባሕር ማዶ የመጣው ዳይሬክተር ብቻ ነበር።

ፕላሲዶ ግን "እኔ በስተርጅና ቂጤን ገልጬ አልሮጥም" ብሎ ቤቱ ተቀመጠ። ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው። ድንጋይ ጠራቢ ነው፤ ትንንሽ ሞአይ፣ የጥንት አያቶችን የድንጋይ ምስል፣ እየጠረበ አውሮፕላን በመጣ ቁጥር ለቱሪስት ይሸጣል። ነገረኛ ነው፣ እጁ ግን የተባረከ ነው። ፊልም ሠሪዎቹም ይህን ሰምተው ደጁ ድረስ መጡ። በደቡቡ ዳርቻ፣ ባዶ የነበረ አንድ የድንጋይ መደብ ላይ ትልቅ ሞአይ አቁመዋል፤ ውስጡ ፎም፣ ላዩ ፋይበርግላስ፣ ቁመቱ የአራት ሰው ያህል። የጎደለው ዓይን ብቻ ነበር።

"ኳስ ሰንጥቀን ነጭ ቀለም ብንቀባውስ?" አለው የማስዋቡ ሥራ ኃላፊ። የምታስተረጉመው የፕላሲዶ የእህት ልጅ ታሂራ ነበረች።

"ለኳስ እኔን ምን አስጠራችሁኝ?" አለ ፕላሲዶ። "ዓይን ካላችሁኝ ዓይን ነው የምሠራው።"

ሠራም። ነጩን ከባሕር ኮራል፣ ብሌኑን ከቀይ ድንጋይ አደረገው። አሥራ ሁለት ቀን ፈጀበት። የማስዋቡ ኃላፊ ሲያየው ወደ ኋላ አንድ እርምጃ አፈገፈገ፤ ፕላሲዶ ይህን አይቶ ሳምንቱን ሙሉ ሲኮራ ሰነበተ።

ችግሩ የመጣው በመትከያው ቀን ነው። ፕላሲዶ ዓይኖቹን በከረጢት አንግቶ መሰላሉን ወጣና የሞአዩ ፊት ጋ ሲደርስ ቆመ። አያቱ "ዓይን ስትተክል ስም ጥራ" ይሉት ነበር። "ስም ያልተጠራለት ፊት ዓይን ካገኘ፣ አጠገቡ የቆመውን ሰው ነው የሚወስደው። ስሙ የሚለቀውም ዓይኑ ሲወጣ ነው፤ የሚያወጣውም የጠራው ሰው ነው፣ በቀን፣ ሰው እያየው።" ሌላ ቤተሰብ እንዲህ ይበል አይበል ፕላሲዶ ጠይቆ አያውቅም። በእሱ ቤት ግን እንዲህ ነው።

ፎም መሆኑን አልዘነጋም። ከታች ግን ታሂራ ቆማለች፣ የሁለት ልጆች እናት። አራት ሠራተኞች ዳቦ በሰርዲን እየበሉ ነው። ፎም ነው ተብሎ በሰው ነፍስ ይቀለዳል እንዴ? የአንድ የሩቅ አያት ስም ጠርቼ ልገላገል ብሎ አፉን ከፈተ። የወጣው ስም ግን "ኢዮቫኒ" ሆነ። ካፍ ከወጣ አፋፍ፤ የሚመለስ ነገር አልነበረም። ሁለቱንም ዓይኖች ተክሎ ወረደ።

ኢዮቫኒ ልጁ ነው፤ ያለው አንድ ልጅ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ጎህ ሲቀድ ቱና ሊያጠምድ ወጣ። በሦስተኛው ቀን ጀልባዋ ተገኘች። ሞተሯ ደህና፣ ገመዱ በቦታው፣ እሱ የለም። አባ የሙታን ቅዳሴ ልቀድስ ብለው ሲመጡ ፕላሲዶ በር ላይ ቆሞ መለሳቸው። "ሬሳ አይቻለሁ? አላየሁም። ልጄ ባሕር ላይ ነው" አለ። ነገሩ በዚሁ ቀረ። ደሴቲቱ ላይ "እግዜር ያጥናህ" የሚለው ሰው አልተገኘም፤ አንድ የሞከረ ጎረቤት በድንጋይ ተባሯል። ሚስቱ ዶሚቲላ እንኳ ልቅሶ ሲተናነቃት ወደ ዶሮዎቹ ቤት ትሄዳለች። እዚያም ተከትሏት ይመጣና "ምን ሆንሽ? ማን ሞተብሽ?" ይላታል። "ጭስ ነው" ትለዋለች። የዶሮ ቤት ምን ጭስ አለው?

እናም ፊልሙ ሲመጣ ዶሚቲላ ከሁሉ ቀድማ ተመዘገበች። አልቃሽ ሴቶች ይፈለጉ ነበር።

"ምን ልትሠሪላቸው ነው?" አላት።

"ላለቅስ።"

"ምን?"

"ለፊልም ነው። አንተን አይመለከትም።"

እንዴት ያለ ልቅሶ ነበር! ዳይሬክተሩ ራሱ መጥቶ እጇን ጨብጦ "የት ተማርሽው?" ብሎ ጠየቃት። "ቤቴ፣ ዝም ብዬ" አለችው። ታሂራ ይህን አልተረጎመችለትም።

ዓይኑ ከተተከለ በኋላ ፕላሲዶን ቤት የሚያስቀምጠው ጠፋ። በየማለዳው በፈረሱ ወደ ደቡቡ ዳርቻ ይሄዳል። ለጠየቀው ሁሉ "ማጣበቂያው እንዳይለቅ ልየው ብዬ ነው" ይላል። ሞአዩ ጀርባውን ለባሕሩ ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ደሴቲቱ አዙሮ ቆሟል። ፕላሲዶ ከፊት ለፊቱ ሣር ላይ ተቀምጦ ቅቅል ስኳር ድንቹን ይበላል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ባዶ ውሃ ሲያይ ኖሮ አሁን የሚያየው ፊት አገኘ። እውነቱን እንናገር ከተባለ ደስ ብሎት ነበር። ለዶሚቲላ ግን አልነገራትም፤ አፈረ።

አንድ ጠዋት ታሂራ የቀረጻውን ፕሮግራም በእጇ ይዛ መጣች።

"ኮሮ" አለችው፤ ደሴቲቱ ላይ ሸምገል ያለ ወንድ ሁሉ ኮሮ ነው። "ኮሮ፣ ነገ እንኳ ባትመጣ ይሻልሃል። አቧራና ጩኸት ነው የሚሆነው።"

"ምን ልታደርጉ?"

"ልንጥለው ነዋ! ጠላት መጥቶ ሞአዩን በገመድ ጎትቶ በፊቱ ይደፋዋል። ስልሳ ሰው ነው የሚጎትተው፤ ዳቦ ጋጋሪው ኔሎ አለ፣ ርእሰ መምህሩ አለ..."

ፕላሲዶ ማላመጡን አቆመ። "ከነዓይኑ?"

"ከነዓይኑ እንጂ! ያን ያህል የለፋህበት ለምን ሆነና? ሲወድቅ ዓይኑን በቅርብ ነው የሚያነሱት።"

ስኳር ድንቹን ሣሩ ላይ አስቀመጠ። ታሂራ አጠገቡ ተቀመጠች።

"ስም ጠርቼለታለሁ" አለ በመጨረሻ።

ለማንም ሰው እብደት ይመስል ነበር። ታሂራ ግን የዚያው ቤት ልጅ ናት፤ ገባት።

"የማንን?"

ከሞአዩ ጀርባ ወዳለው ባሕር በአገጩ ጠቆመ። ይህ በቂዋ ነበር።

"ወይኔ ኮሮ! ሌላ ስም አጣህ?"

"አመለጠኝ።"

"ፎም እኮ ነው!"

"ፎምነቱን አንቺ አትነግሪኝም። ዓይኑ ግን ዓይን ነው፣ ስሙም ስም ነው። ልጄን ከነዓይኑ ሕዝብ ፊት ይድፉልኝ? ተነሺ፣ ወደ ሰውየሽ ውሰጂኝ።"

ዳይሬክተሩ ፀሐይ አፍንጫውን የላጠው፣ ኮፍያ ከራሱ የማይወርድ ረጅም ሰው ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቸኳይ ነበር። ፕላሲዶ መንገድ ላይ ሲያስብ መጥቶ ስለ ልጁ ትንፍሽ ላለማለት ቆርጧል።

"ታሪክህ ተበላሽቷል በዪው" አለ። "የድሮ ሰው የሚያይ ሞአይ አይጥልም፣ ይፈራል። መጀመሪያ ዓይኑን ያወጣና ከዚያ ይጥለዋል። እንዳለ ከጣለው የሚያውቅ ሰው ይስቅበታል።"

ታሂራ ተረጎመች። ዳይሬክተሩ እጁን አጨብጭቦ ብዙ ተናገረ። እሱ በተናገረ ቁጥር የታሂራ ፊት ይጠቁር ጀመር።

"ምን አለ? እምቢ አለ?"

"ኧረ እንዲያውም ወዶታል። ዓይኑ ይወጣል። ግን ካሜራ ፊት ነው የሚወጣው። ደግሞ..." አጎቷን ማየት አቃታት። "አንተ እንድታወጣው ነው የሚፈልገው። የጠላት አለቃ ሆነህ። ፊትህን ወዶታል።"

"እኔ? የልጄን ዓይን?"

"አይሆንም ካልክ ኔሎ በመጥረቢያ ይፈነቅለዋል ይላል።"

ፕላሲዶ ወደ ሞአዩ ዞር ብሎ አየ። ራሱ የቆፈረው ጉድጓድ ነው፣ ማንን ይወቅሳል? "ኔሎ እጁን እንዳያስነካ" አለ። "እኔው ነኝ።"

በማግስቱ ረፋድ ላይ እሱም እንደ ሰው ሁሉ አገልድሞ፣ ቀይ አፈር ተለቅልቆ ብቅ አለ። ኔሎ ከገመዱ ጫፍ ሆኖ "ኮሮ፣ ያ ቂጤን አልገልጥም ያለው ሰውዬ የት ሄደ?" ብሎ ሰውን አሳቀበት። ሌላ ቀን ቢሆን ስድብ ይቀምስ ነበር፤ ያን ቀን ግን ፕላሲዶ አልሰማውም። ከመደቡ ሥር የተሸናፊው ጎሣ ሴቶች ተደርድረዋል። ዶሚቲላ ከፊት ናት። "አንተ ሰውዬ፣ ብርድ ያገኝሃል" አለችው። ራሱን ነቀነቀላት።

"አክሽን!" ተባለ። መሰላሉ በካሜራ እንዳይታይ በቅርንጫፍ ሸፍነውታል። ፕላሲዶ ወጣ። ፊቱን ወደ ሞአዩ ጆሮ አስጠግቶ "ኢዮቫኒ፣ ልጄ፣ ና ውጣ" አለና መጀመሪያ ግራውን፣ ቀጥሎ ቀኙን አወጣ። ሴቶቹ እየዬአቸውን አቀለጡት። "ከት!" ተባለ፣ ካሜራው ቆመ። ወረደ። ተገላገልኩ ብሎ ትንፋሹን ለቀቀ።

"ኮሮ" አለች ታሂራ ቀስ ብላ፣ "ይደገማል።"

"ምኑ ነው የሚደገመው?"

"ደመና ገብቶ ብርሃኑን አበላሸው። መልሰህ ትከለው።"

መልሶ ተከለው። ስም ሳይጠሩ መትከል የለም፤ ከታች ሚስቱ አለች፣ የሰው ልጆች አሉ። ሌላ ስም ለመጥራት ሞከረ፤ አፉ አልታዘዘውም። ኢዮቫኒን ጠራ፤ ኢዮቫኒን አወጣ። በሁለተኛው ውሻ መሃል ገባ። በሦስተኛው ርእሰ መምህሩ የእጅ ሰዓቱን ሳያወልቅ ተገኘ፤ የጥንት ሰው ሰዓት አስሮ! ስድብ ወረደበት። ፕላሲዶ እንደገና ወጣ። በአራተኛው ነፋሱ ዞሮ፣ ፕላሲዶ ለሞአዩ የሚለው ነገር ወደ ታች ተሰማ።

ዶሚቲላ "ኢዮቫኒ" የሚለውን በባሏ ድምፅ ከሰማች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ልቅሶዋ አፏ ላይ ቀረ። በአምስተኛው ከጎኗ ያሉት ሴቶችም ሰሙ። "ያቺ ጎበዝ አልቃሽ ምን ነካት?" እያለ የዳይሬክተሩ ረዳት በድምፅ ማጉያ ይጮኻል። በስድስተኛው ፕላሲዶ "ና ውጣ፣ ልጄ፣ ደከመህ" ሲል አንዲትም ሴት አላለቀሰች፤ ገመዱን የያዙት ስልሳ ሰዎች ቀና ብለው አዩት።

"ከት! ሴቶቹ ምን ሆነዋል? ድገሙት!"

ፕላሲዶ ከመሰላሉ ወርዶ መደቡ ላይ ዘፍ አለ። በግራ እጁ አንዱን ዓይን፣ በቀኝ እጁ አንዱን ይዟል።

"ኮሮ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው አለ" አለች ታሂራ።

"አልተክልም።"

"ኮሮ..."

"አልተክልም አልኩሽ! ስድስት ጊዜ ጠራሁት፣ ስድስት ጊዜ አወጣሁት። ሰው ስንት ጊዜ ነው የሚሞተው?" በእጆቹ የያዛቸውን ዓይኖች አንድ በአንድ አያቸው። "ልጄ ሞቷል፣ ታሂራ። ኢዮቫኒ ሞቷል።"

ዳይሬክተሩ እየተቻኮለ መጣና ምን እንዳለ ጠየቀ። ታሂራ ሳትጨምር ሳትቀንስ ልጁ ሞቷል ነው የሚለው አለችው። ሰውየው ደነገጠ፤ ኮፍያውን ከራሱ አወረደ።

"አምላኬ! መቼ?"

ታሂራ አጎቷን አየች። ዶሚቲላን አየች። ከዚያ ገመዳቸውን መሬት ላይ የጣሉትን ሰዎች አየች።

"ዛሬ" አለችው።

ቀረጻው ለዚያ ቀን ተቋረጠ። ዶሚቲላ መደቡ ላይ ወጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። ያን ጊዜ አላለቀሰችም።

"ቆየህብኝ" አለችው።

እንባው በቀዩ አፈር ላይ እየወረደ አገጩ ጋ ሲደርስ ጭቃ ይሆናል፤ ሁለት እጆቹ ስለተያዙ መጥረግ አልቻለም። ዶሚቲላ በለበሰችው የፊልም ልብስ ጫፍ ጠረገችለት። ርእሰ መምህሩ ጦሩን አስቀምጦ ከሁሉ ቀድሞ መጣና ጎንበስ ብሎ "እግዜር ያጥናችሁ" አላቸው፤ ከእሱ ኋላ ኔሎ፣ ከኔሎ ኋላ ሌሎቹ ተሰለፉ። ሰልፉ ምሳ ሰዓት ካለፈም በኋላ አላለቀም ነበር።