«ሞት የለም»

የሆሳዕናው ትራፊክ ፖሊስ ሃምሳ አለቃ ዳኘ በገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ላይ የዓመቱን የመኪና አደጋ ዘገባ ሲያነብ የምሥራች የሚያበሥር ይመስል ነበር። «በሺንሺቾ መንገድ ቀላል ጉዳት አንድ፤ ሞት የለም!» ካድሬው አጨበጨበ፤ ሕዝቡም ተከተለው። ገነቴ ግን እጇን ከነጠላዋ ሥር አላወጣችም። ያቺ «ቀላል ጉዳት» ልጇ ዓለሚቱ ነበረች፤ ከተቀበረች ወራት አልፈዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከገበያው በታች ባለው ቁልቁለት አውቶብስ ሲገጫት ዓለሚቱ ነፍሷ አልወጣም ነበር። ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ቆስላለች ብሎ ጻፈና ሄደ። ዘመዶቿ፣ ሰው በገዛ ቤቱ ይሙት ብለው በቃሬዛ ወሰዷት፤ እቤቷ አረፈች። ሽማግሎች ሹፌሩን ሰይድን ከነቤተሰቡ አምጥተው አስታረቁ። እርቅ ደም ያደርቃል፤ ከዚያ ወዲያ ነገሩን ለመንግሥት ማድረስ ነውር ነው። መንግሥትም ሳይሰማ ቀረ።

ከተሰብሳቢው አንዱ ስለ ቁልቁለቱ ሲጠይቅ ዳኘ፣ «መንገድ የሚጠገነው በቅድሚያ ሰው በሞተበት ቦታ ነው» አለ።

ገነቴ ልትነሳ ስትል፣ ያስታረቋት ሽማግሌ አቶ አበራ ነጠላዋን ያዙ። «ተይ ገነቴ፣ ታርቀሻል።»

ተቀመጠች። ልጆች ግን ዛሬም በዚያ ቁልቁለት ይሻገራሉ፤ ይህ እንቅልፍ ነሳት። በማግስቱ ተሳፍራ የልጇን ሞት ልታስጽፍ ሆሳዕና ፖሊስ ጣቢያ ሄደች።

«እናቴ፣ ወረቀቱ ቆስላለች ነው የሚለው» አላት ዳኘ። «ሹፌሩ መጥቶ ቃሉን ካልሰጠ እኔ ከመሬት ተነሥቼ ሞታለች አልልም።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ገነቴ ግን ከሁለቱም ትብሳለች። በቀጥታ መናኸሪያ ወርዳ ሰይድን አውቶብሱ በር ላይ ያዘችው።

ሰይድ ሲያያት ክው አለ። «እማማ፣ ታርቀን የለም ወይ?»

«ታርቀናል። እርቄን አላፈርስም። ግን ልጄ ሞታለች፤ መሞቷን ተናገርልኝ።»

«ያስሩኛል እኮ! ልጆች አሉኝ።»

«እዚያ የሚሻገሩትስ የማን ልጆች ናቸው? ነገም በዚያው የምትነዳው አንተ ነህ።»

ሰይድ ተሳፋሪው እየጮኸበት ቁልፉን ለሌላ ሹፌር ሰጥቶ ተከተላት። ፈርቶ ነበር፤ እሷም ፈርታለት ነበር።

ዳኘ ፊት ቆሞ ቃሉን ሰጠ፤ ፈረመም።

«እንግዲህ ዋስ ካልጠራህ እዚሁ ታድራለህ» አለው ዳኘ።

«ዋሱ እኔ ነኝ» አለች ገነቴ።

ዳኘ እስክሪብቶውን አስቀምጦ አፈጠጠባት። «የሟች እናት ለገዳይ ዋስ?»

የሟች እናት። ይህን ቃል ከመንግሥት ሰው አፍ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«አዎ፣ የሟች እናት» አለች። «በል፣ አፍህ ያለውን እጅህም ይጻፈው።»