የያዘ ሰው እያለ

ስታየው ይጠፋል፤ ፊቷን ስታዞር ይመለሳል። ስሕተቱ ሳምንት ሙሉ እንዲህ ሲያሾፍባት ሰነበተ። የፕሮግራም ባለሙያዋ የሰርቨሩን እርምጃ የምትመዘግብ አንዲት የኮድ መስመር ስታስገባ እንደ ጨዋ ልጅ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፤ መስመሯን ስታወጣት ግን ሰርቨሩ ክልትው ይላል።

ሰርቨሩ የአምቡላንስ ጥሪ ማዕከሉ ዋና ኮምፒውተር ነው፤ ታላቅ እህቷም እዚያው ጥሪ ትቀበላለች። ባለፈው ሳምንት የስልክ መስመሩ የሞተው አንዲት እናት አድራሻዋን እየነገረቻት ሳለ ነበር። ቤቷ ሳይታወቅ ቀረ። ከዚያ ወዲህ እህቷ እህል በወጉ አልቀመሰችም። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጥገናው ይጫናል።

«አንድ ቆይ ጨምሪበትና ይሂድ» አሉ አጠገቧ የተቀመጡት አዛውንት። ከሃያ ዓመት በፊት ኮዱን የጻፉት እሳቸው ናቸው። ያስቸገራቸው ቦታ ሁሉ ማሽኑን ለቅጽበት የሚያዘገይ ትእዛዝ ስለሚሰኩ የመሥሪያ ቤቱ ሰው «ጋሽ ቆይ» ይላቸዋል። «ስትመዘግቢው የሚድነው ስለሚዘገይ አይደል?»

እውነታቸውን ነው። ጨመረችበት፤ ሰርቨሩም በሙከራ ረፋዱን ያለ እንከን ሠራ። ልቧ ግን አላረፈም።

የቀትር ፀሐይ ጠረጴዛዋን አሙቆታል፤ የማሽኖቹ እምምታ ዓይኗን ከደነው። ማለቂያ የሌለው መተላለፊያ ታያት፤ ግራና ቀኙ ትንንሽ ክፍሎች። አንዲት ሴት አድራሻዋን በእጇ ይዛ ወደ አንዱ ገባች። በሌላው በር ጠራጊው መጣ፤ ጥሪው አብቅቷል ብሎ ክፍሉን ባዶ አደረገና ለሌላ ሰው ሰጠው። ሰው አለ ወይ ብሎ አልጠየቀም። ሴትየዋ አድራሻዋን የማታውቀው ሰው አልጋ ላይ አስቀምጣ ቆመች። «እዚህ ነበርኩ እኮ» አለች።

ባለሙያዋ ብንን አለች። ክፍሎቹ ጥሪዎቹ የሚያዙበት የማሽኑ ማስታወሻ፣ ጠራጊውም ያለቀ ጥሪ ቦታውን እንዲለቅ የሚያደርገው የኮዱ ክፍል ናቸው። መዘግየቱ ጠራጊውን ያቆየዋል እንጂ ሰው አለ ወይ ብሎ እንዲጠይቅ አያደርገውም። «ቆይ»ን ሰረዘችው። በምትኩ የሚገባ ሁሉ ከመግባቱ በፊት እንዲቆጠር፣ ሲወጣ እንዲቀነስ፣ ክፍሉም ቁጥሩ ዜሮ ሳይሆን እንዳይጠረግ አድርጋ ጻፈች።

ጋሽ ቆይ መነጽራቸውን አድርገው ደጋግመው አነበቡት።

«ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው አለ ወይ ብዬ አልጠየቅኩም፣ ልጄ» አሉ። አሳዘኗት። ጥገናውን ራሳቸው ጫኑት።

እህቷ ጋ ደወለች።

«ተጫነ?»

«ተጭኗል።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

የዚህ ዓይነቱ ስሕተት ዝም ማለቱ ዳነ ማለት አይደለም። ልትዋሻት አልፈለገችም። «የያዘ ሰው እያለ እንዳይለቅ አድርጌዋለሁ» አለቻት።

ከወዲያ የጥሪ ደወል ተሰማ።

«ጥሪ መጣ። እንዳትዘጊው፣ እሺ?» አለቻት እህቷ።

ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ኳ አለ። ከዚያ የእህቷ ድምፅ ከሩቅ መጣ። «አለሁ እናቴ፣ ቀስ ብለሽ ንገሪኝ። ቤትሽ የት ጋ ነው?»

ጋሽ ቆይ ወንበሯን ተደግፈው ቆሙ። እሷ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘች።