የባለእንቁላሉ እግር

መካኒኳ ስድስት ዓመት ሙሉ ስትፈታ ስትገጥም የኖረችውን ቀይ ስፖርት መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ ረጅም መንገድ ያወጣቻት ለአባቷ ዓይን ስትል ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከሆስፒታል ነርሷ ደወለች። እንግዳው የዓይን ሐኪም ዛሬ የመጨረሻ ቀኑ ነው፤ አንድ ታካሚ ሳይመጣ ስለቀረ እስከ ሰባት ሰዓት ከደረሳችሁ ተራው የአባትሽ ነው፤ ካለፈ ግን ለሌላ ይሰጣል አለቻት። ሐኪሙ የሚመለሰው ከዓመት በኋላ ነው። የአባትየው አንድ ዓይን ከጠፋ ቆይቷል፤ የቀረውም ሰውን ከበር ለመለየት መከራውን ያያል። ዓመት እንደማይጠብቅ ተነግሯቸዋል።

አውቶቡሱ ማለዳ ሄዷልና በቀይዋ ወጡ። ታንከሩ ሙሉ አልነበረም፤ መንገድ ላይ ማደያ አለ፣ እዚያ ይሞላል ብላ ተማመነች። አውራ ጎዳናው ለጥ ሲልላት ጊዜ መቶ አርባ እየረገጠች ከነፈች። አባቷ ቀበቶውን በሁለት እጁ ጨብጦ ያዘ። ማደያው ጋ ሲደርሱ ፓምፑ ላይ «ነዳጅ የለም» የሚል ካርቶን ተንጠልጥሏል። ነዳጅ ቀጂው ወንበሩን ወደ ጥላ እየጎተተ፣ ቦቴው ከነገ በፊት እንደማይመጣ፣ ከዚህ ወዲያም እስከ ከተማው ድረስ ሌላ ማደያ እንደሌለ ነገራት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኸው ነው።

መካኒክ ናትና ሒሳቡ ወዲያው መጣላት። የቀራት አሥራ ስድስት ሊትር ነው፤ በእሷ አነዳድ ቀይዋ በሊትር ሰባት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች፤ ከተማው ደግሞ መቶ ሰባ ኪሎ ሜትር ይርቃል። ሰዓቱ አራት ተኩል ሆኗል። መሪው ላይ ተደፍታ፣ የአባቷን ዓይን በገዛ እግሯ ረግጣ እንዳጠፋችው ተሰማት። ነገረችውም።

አባትየው አልተቆጣም። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በዚሁ መንገድ ሃያ ስድስት ዓመት አውቶቡስ ነድቷል። ቀርፋፋ ስለነበር ሰው ሁሉ የሚያውቀው «ባለእንቁላሉ» በሚል ስም ነው። ተሳፋሪው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እያለ ይተርትበት ነበር፤ እሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ይነዳል። ልጅቱ ትምህርት ቤት «የእንቁላሉ ልጅ» እየተባለች አድጋለች። ከመኪናም መኪና ስፖርት መኪና የመረጠችው በዚያ ንዴት ሳይሆን አይቀርም።

«በሰባ አምስት ንጂ» አላት። «ከነዳጅ መስጫው ስር እንቁላል አለ በይ። ሞተሩ ከጮኸ እኔ እሰማዋለሁ።»

ሄዱ። በመጨረሻው ማርሽ፣ በሰባ አምስት፣ መስኮት ዘግተው፣ ማቀዝቀዣውን አጥፍተው፣ ላባቸው እየተንጠፈጠፈ። ሽንኩርት የጫነ አሮጌ የጭነት መኪና ጥሩምባውን እየነፋ አለፋቸው። አንድ ሞተር ብስክሌተኛማ ጎናቸው መጥቶ ተበላሽቶባችሁ ነው ወይ ብሎ በምልክት ጠየቀ። የስድስት ዓመት ልፋት በአንድ ሰዓት መሳቂያ ሆነ። የነዳጅ መለኪያው መርፌ ግን መውረዱን የረሳ መሰለ።

አባትየው የሚታይ ባይኖረውም መንገዱን በቃሉ ያውቀዋል። ድልድዩ ከጎማው ስር ሲንኳኳ፣ አሁን ዳገት ይመጣል፣ ከታች ጀምረሽ አስለምጂው እንጂ አፋፉ ላይ አትርገጪው ይላታል። ቁልቁለቱ ላይ ማርሽ አውጥተሽ ልቀቂው ሲላት ግን እምቢ አለች። የዛሬ ሞተር ማርሽ ውስጥ እንዳለ እግር ከተነሳለት ጠብታም እንደማይጠጣ አስረዳችው። እንዲህ ያለ ጨዋ ሞተር ሳይነዳ ጡረታ መውጣቱ ቆጨው።

አርባ ኪሎ ሜትር ሲቀር ነዳጅ ማለቁን የምትናገረው ቢጫ መብራት በራች። ቶሎ ለመድረስ እግሯ ራሱ ሊረግጥ ፈለገ። ሞተሩ ገና ድምፁን ከፍ ሲያደርግ የአባቷ እጅ ጉልበቷ ላይ አረፈ። እግሯን መለሰችው። የሆስፒታሉ በር ላይ ሲደርሱ ለሰባት አሥር ጉዳይ ነበር፤ የቀይዋም ሞተር አልጠፋም።

ኮሪደሩ ላይ አባትየውን አረንጓዴ ልብስ አልብሰው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጡት። እሷ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ዕድሜ ለእግርህ፣ አባዬ» አለችው። «ልጅ ሆኜ አፍርብህ ነበር። ይቅር በለኝ።»

«ይሄን እግር ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ» አላት።

ግራ ገብቷት ስታየው ነገራት። እሷ እስክትወለድ ድረስ ስሙ ነፋሱ ነበር፤ ከእሱ ቀድሞ የገባ አውቶቡስ አልነበረም። እናቷ ከወሊድ በኋላ ታማ አራት ወር ተኛች፤ ሕፃኗን የሚይዝለት ሰው አልተገኘም። ሥራውን ቢተው የሚበሉት የለም። ስለዚህ በሳሙና ካርቶን ውስጥ ብርድ ልብስ አነጠፈና ከሞተሩ ክዳን አጠገብ፣ ከቀኝ እግሩ ጎን አስቀመጣት። ሙቀቱ ያስተኛታል። ነዳጁን ከረገጠ ወይም ፍሬን በድንገት ከያዘ ግን ነቅታ ታለቅሳለች። እሷ እንዳትነቃ ሲል እግሩ ቀለለ።

«ልጅ ይዞ መሥራት ክልክል ነው። አንድ ቀን ተቆጣጣሪ ገባና ካርቶኑ ውስጥ ምንድነው አለኝ። እንቁላል ነው አልኩት። እንቁላሉ አነጠሰ። ሰውዬው እኔን አየ፣ ካርቶኑን አየ፣ ‹እንዳይሰበርብህ ቀስ በል› ብሎኝ ወረደ። እግዜር ይስጠው። ስሙ ከዚያ ወዲህ ወጣልኝ።»

እጁን አጥብቃ ያዘች። ነርሷ መጥታ «አባባ፣ ይምጡ» እስክትለው ድረስ አለቀቀችውም።

በማግስቱ ፋሻው ሲነሳ መጀመሪያ ያየው የልጁን ፊት ነው። ፊቷ ላይ ያለውን የግሪስ እድፍ ሳይቀር አየና አለቀሰ፤ እንዳያለቅስ ግን ነርሷ ተቆጣችው። ግቢው ውስጥ ቀይዋን ሲያይ ደግሞ ይህን ያህል ቀይ መሆኗን ማን ነገረኝ ብሎ አማረረ። ሐኪሙ ከመሄዱ በፊት ለተወሰኑ ቀናት እንዳይንገጫገጭ አዟል። እሷም ታንከሩን ጢም አድርጋ ሞልታ መንገድ ጀመረች።

ጎዳናው ባዶ ነው፤ ሞተሩ መቶ አርባን ያለ ችግር ይችላል። እሷ በሰባ አምስት ትሄዳለች። ያ የሽንኩርት መኪና ጭነቱን አራግፎ ሲመለስ ደረሰባቸውና ሾፌሩ አንገቱን አወጣ።

«እህቴ፣ እንቁላል ጭነሻል እንዴ?»

መካኒኳ አጠገቧ ያንቀላፋውን አባቷን አየች፤ መስኮቷን ዝቅ አድርጋ፣ እንዳይነቃባት ድምፅዋን ቀንሳ መለሰች።

«አዎ» አለችው። «አንድ ብቻ ነው ያለኝ።»