ጋሮማ ለገበያ ያላወራው ብርሃን

ከአምቦ እስከ ጌዶ ባለው የከብት ገበያ ጋሮማን የሚያህል ደላላ አልተፈጠረም። እሱ የዳሰሰው ጥጃ ወይፈን ይሆናል፤ ወይፈኑ ደግሞ ተራራ። ይህ ሁሉ አፍ ግን ሚስቱ ለንሳ «አልጋዬን ለምን ሸሸህ?» ባለችው ቁጥር ይደርቃል።

ብልቱ ላይ ኪንታሮት ወጥቶበት ነበር። የአምቦ ሰው ነውና መጀመሪያ ወደ ፍል ውሃው ሮጦ ውሃው እስኪሰለቸው ተዘፈዘፈ። ኪንታሮቱ ጭራሽ በዛ።

ለንሳም ቆረጠች። «ቅዳሜ ሽማግሌ ይመጣል። ለኔ የደበቅከውን ለሽማግሌው ለኦቦ ኤጄታ ትነግራለህ።»

ሽማግሌ ፊት ዝም ያለ ባል ጥፋተኛ ነው፤ ጥፋተኛ ባል ደግሞ ሚስቱን ከወንድሞቿ ቤት ይፈልጋል። ሐሙስ ዕለት ጋሮማ የቆዳ ሐኪሟ ዶክተር አመለሸጋ ፊት ሱሪውን ጨብጦ ቆመ።

«ያውልቁት እንጂ ጋሼ።»

«ወንድ ሐኪም የለም፣ ልጄ?»

«አለ። የሚያየው ግን ያንኑ ነው።»

ቅባት ቀብታ ሸፈነችው። «መድኃኒቱ የታመመው ሥጋ ውስጥ ይጠራቀማል። ኋላ ቀይ ብርሃን ስናበራበት ይነቃና ያንኑ ይገድላል። እስከዚያ ፀሐይ እንዳይነካው።»

«የአምቦ ፀሐይስ ምን አነሳት? በሬ ትጠብሳለች እኮ።»

«በሬ ስናክም እንጠራታለን።»

ሰዓቱ ሲደርስ መጋረጃው ተዘጋ፤ ጥቁር መነጽር አጠለቁለት፤ መብራቱ በራ። ከጭልሞ ጫካ ጀርባ ሺህ ፀሐይ ባንድ ላይ የወጣች መሰለው። ቢላ የለ፣ ጭስ የለ፤ ብርሃኑ ብቻ እንደ ሳማ ይለበልባል። ጋሮማ ከሺህ በግ መሐል ተኩላውን መርጦ የሚይዝ ውሻ አይቶ አያውቅም። ይኸው፣ ብርሃን ያንን ሲሠራ አየ።

«ይደገማል» አለች ሐኪሟ። «ባለቤትዎም መመርመር አለባቸው።»

«ሳልነግራት ብትመረምሪያትስ?»

«ምን ብዬ ጋሼ?»

ቤት ሲደርስ ለንሳ ድንች ትልጣለች። አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ ሁሉንም ነገራት።

ቢላዋው ቆመ። «ከማን አመጣኸው?»

«እንጃ። ለዓመታት ተደብቆ ሊኖር ይችላል አለች ሐኪሟ። አንቺን ካገባሁ ወዲህ ሌላ ሴት አላውቅም።»

ለንሳ ፊቱን አጠናች። «ትልልቅ ናቸው?»

«የምስር ፍሬ ቢያህሉ ነው።»

በትዳር ዘመናቸው ጋሮማ አንድን ነገር በልኩ ሲናገር ሰምታ አታውቅም ነበር፤ ዛሬ ሰማች። አመነችው።

አርብ ጠዋት አብረው ሄዱ። ለንሳ ላይ ምንም አልታየም፤ ሐኪሟ ግን ተመልሳ እንድትታይ ነገረቻት። ከዚያ ለንሳ መብራቱን ካላየሁ አለች። መነጽር ተሰጥቷት ሲበራ መዳፏን ዘረጋች። ፍም የጨበጠች መሰለች፤ መድኃኒቱን አልተቀባችምና አላቃጠላትም።

«ያ ዋቅ» አለች በሹክሹክታ፣ አምላኳን ጠርታ። ቆይታ ደግሞ፣ «ይህንን ለገበያው ስታወራ ምን ያህል ልታገዝፈው ነው?»

«በየትኛው አፌ አወራዋለሁ፣ ለንሳ? በሕይወቴ ያየሁት ትልቁ ነገር ይኸው ነው፤ ምንህ ላይ በራ ቢሉኝ ምን ላሳይ?»

ለንሳ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። በር ላይ ሲደርሱ ስልኳን አወጣች።

«ኦቦ ኤጄታ፣ የነገውን ተዉት።»

«ምነው፣ ሰውዬው ተናገረ እንዴ?»

«ተናገረ» አለች፣ የጋሮማን ክንድ ይዛ። «ለኔ።»